ከብሔራዊ ባንክ ወደ አፈ ጉባኤነት

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ባንክ ቤት ብድር ክፍል እሠራለሁ፤ ልቤ ግን ፖለቲካ ውስጥ ነው፤ አሁኑኑ ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ብለሻል። አንቺን መሰል ብዙ ወጣቶች ስለሚጠይቁኝ ለሁላችሁም ልመልስ። ጥያቄሽን ሳነብ ትዝ ያሉኝ ማራት ሱልታኖቭ የሚባሉ፣ ማዕከላዊ ባንክ መርተው በኋላ የፓርላማ አፈ ጉባኤ የሆኑ የኪርጊዝስታን ሰው ናቸው። ከእሳቸውም በፊት ግን ያኔ ፍሩንዜ፣ ዛሬ ቢሽኬክ የምትባለው ከተማና እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አንድ ቁጭት መጡብኝ።

በስኮላርሺፕ ፋይናንስ ለመማር ስሄድ ሶቭየት ኅብረት ነበረች፤ ሳልጨርስ ፈረሰች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1993 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ኪርጊዝስታን ከሩብል ወጥታ ሶም የተባለ የራሷን ገንዘብ ስታውጅ እዚያው ነበርኩ። ከመካከለኛው እስያ አገሮች የመጀመሪያዋ ነች። 200 ሩብል በ1 ሶም ይመነዘር ነበር። በ1ዱ፣ በ5ቱና በ20ው ሶም ላይ የጀግናቸው የማናስ ምስል አለ። ሳንቲሙ ራሱ ወረቀት ነበር። ኦሽ ባዛር የሚሸጡት እናቶች ወረቀቱን በፀሐይ እያዩ አገላብጠው «ይሄ ገንዘብ ነው?» ይሉ ነበር።

የዶርማችን ጠባቂ አንዲት አሮጊት ነበረች። ለቀብሯ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ሩብል አጠራቅማለች፤ እዚያ እንደኛ እድር የለም። የዋጋ ንረቱ አስቀድሞ በልቶት ስለነበር ተሰልፋ ስትመነዝረው እጇ ላይ የቀረው ጥቂት ብጣሽ ነበር። ሻይ ቀዳችልኝና «አንተ የገንዘብ ተማሪ አይደለህ? ይኸኛውስ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የተማርነው ኢኮኖሚ ሁሉን ነገር ፕላን የሚወስንበት ነው፤ ገንዘብን ገንዘብ አድርጎ የሚያቆየው ምን እንደሆነ ማንም አስተምሮን አያውቅም። እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ።

የክፍሌ ልጅ የነበረ አንድ ኪርጊዝ በዚያ ሰሞን አዲሱ ብሔራዊ ባንክ ተቀጥሮ ነበር። ቤቱ ከጥቂት ዓመት በፊት የሞስኮ ባንክ ቅርንጫፍ ነው፤ የገንዘብ ፖሊሲ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ሌሊቱን ሙሉ እየሠሩ፣ እየሠሩም እየተማሩ ነበር። «ቆይ፣ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ አልቆ ነበርና አልሆነም። ቁጭቴ ይኸው ነው፤ አንድ ማዕከላዊ ባንክ ከምንም ሲቆም አጥሩ ጋ ደርሼ ወደ ውስጥ ሳልገባ ቀረሁ።

ጎረቤቶቹ ሩብል ላይ ነበሩና ንግዱ ተናጋ፤ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታንም በዚያው ዓመት ኅዳር የየራሳቸውን ገንዘብ አወጡ። በ1997 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ የድንበሩ ንግድ እንዴት እንደታወከ የሚያስታውሱ ታላላቆቻችሁ ነገሩ ይገባቸዋል። ሶምን ያወጣው የጠቅላይ ሚኒስትር ቺንግሼቭ መንግሥት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በወርቅ ሽያጭ ቅሌት ታኅሣሥ ላይ ወደቀ። ሶሙ ግን ቀረ።

ሱልታኖቭ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ከ1994 እስከ 1998 የብሔራዊ ባንኩ ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1993 ከ900 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በ1995 ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዷል። እዚህ የሚደረሰው መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከማዕከላዊ ባንክ በሚታተም ገንዘብ እንዳይሸፍን በመከልከል ነው፤ ክልከላው ጡረተኛንም ሠራተኛንም ያስከፋል። በ1999 ራሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ያን ጊዜ የሩሲያ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ፣ በ1997 መጨረሻ ለአንድ ዶላር 17 የነበረው ሶም በ1999 መጨረሻ 45 ሆኗል። ከዚያ ፓርላማ ገቡ፤ በ2006 መጋቢት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በዚያው ኅዳር የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚቀንስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ታኅሣሥ ላይ ተመልሶ ተሻሻለ፤ በጥቅምት 2007 ፓርላማው ራሱ ተበተነ።

ልብ በይልኝ፤ ያንኑ ገንዘብ ከሦስት ወንበር አይተውታል። አንዱ ያትማል፣ አንዱ ወጪ ያደርጋል፣ አንዱ በጀቱን ያጸድቃል። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ። መጀመሪያ የተቀመጡት መከልከል ግድ በሚልበት ወንበር ላይ ነው።

የዛሬ ወጣት ለማይክሮፎን ይቸኩላል፤ የሒሳብ መግለጫ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ ጥቂት ነው። ይህን ስል ሱልታኖቭ ባንኩን ሲይዙ ገና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው እንደነበሩ አልረሳሁም፤ የክፍሌ ልጅም ጢሙ ገና እየወጣ ነበር። አገር ሲቸግረው ልጅ ነህ አይልም። ስለዚህ «ዕድሜሽ ይድረስ» አልልሽም፤ ያን ምክር እኔም በወጣትነቴ ጠልቼዋለሁ።

የምልሽ ሌላ ነው። ብድር ክፍል ቆዪ፤ የታመመ ብድር፣ ማለትም ተበዳሪው መክፈል ያቃተው፣ እስኪገጥምሽ፣ ፋይሉን ይዘሽ የተበዳሪውን ግቢ እስክትረግጪ፣ ከላይ ስልክ ተደውሎ «እለፊው» ስትባዪ ምን እንደምትመልሺ እስክታውቂ። ኪርጊዝስታን ውስጥ በ2010 ፕሬዚዳንት ባኪየቭ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው ይባል የነበረው ኤሺያ ዩኒቨርሳል ባንክ በመንግሥት እጅ ወደቀ። እንዲህ ያለ ባንክ ውስጥም ፋይል የያዙ፣ ስልክ የሚያነሱ ያንቺ ዕድሜ ልጆች ይኖራሉ። ስለ እነሱ ብዙ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ፖለቲካውን ግቢ፤ አልከለክልሽም፤ ምክር ቤቱ የገንዘብ ነገር የሚገባው ሰው ያስፈልገዋል። ስትጽፊልኝ የምታበድሪው ለየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ንገሪኝ። ለእርሻ ከሆነ በመኸር ወቅት መስክ ሳትወጪ ፋይል ላይ አትፈርሚ፤ ዝርዝሩን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።