ስለ እንጨትና ወረቀት ቁጥሮች ለጠየቃችሁኝ

ስለ ዛፍ ቆረጣና ስለ ወረቀት ምርት መረጃ ለምትፈልጉ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡትን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ እንዲህ መልሻለሁ።

«ኮምቦልቻ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ርዕሴ የወረቀት ፍላጎት የአገራችንን ደን እየጨረሰው መሆኑን ማሳየት ነው። ከየት ልጀምር?»

አብሽሪ እህቴ፣ ግን ርዕሱን ደግመሽ እዪው። እኛ ጋ ዛፍ የሚቆረጠው በዋናነት ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለቤት መሥሪያና ለእርሻ መሬት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ፋኦስታት የሚባል የመረጃ ቋት አለው። በነፃ ነው፤ የደን ውጤቶች አሃዝ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአገሩ ተቀምጧል። ኢትዮጵያን ስትመርጪ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ እንጨት ይወጣልሻል። ከመቶው ከ90 በላይ የሆነው ማገዶ ነው። በዓለም ደረጃ ግን በዓመት ከሚቆረጠው 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ማገዶው ግማሽ አካባቢ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሳታነቢ አትለፊ። ቁጥሩ መንግሥት የላከው ይሁን በግምት የተሰላ የምትነግርሽ እሷ ናት። የእኛ የማገዶ አሃዝ በስሌት የተገኘ ነው። ይህን በጽሑፍሽ ካልገለጽሽ መምህርሽ ቢጠይቅሽ እውነቱን ነው።

«ደሴ አጣና እነግዳለሁ። ክምሬን ወደ ሜትር ኩብ እንዴት ልቀይረው?»

ጋሼ፣ የክምሩን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ይለኩና ያባዙ። 5 በ2 በ1.5 ከሆነ 15 ይመጣል። ይሄ ግን አየሩንም ጨምሮ ነው። በአጣናው መሃል ክፍተት ስላለ በ0.6 ገደማ ያባዙት፤ 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንጨቱ ጠማማ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። የፋኦ አሃዝ ልጡን ስለማይቆጥር ከእሱ ጋር ሲያወዳድሩ ልጡንም ይቀንሱ። ከሰል ከሆነ ደግሞ ፋኦ 1 ቶኑን በ6 ሜትር ኩብ እንጨት ያሰላዋል።

«አንድ ቶን ወረቀት ስንት ዛፍ ይፈጃል?»

ይሄን ቁጥር ባትጠቀሙበት ደስ ይለኛል። የደሴው የጦሳ ተራራ ባህር ዛፍና የሰሜን አውሮፓ ጥድ እኩል አይደሉም። አሠራሩም ይለያያል፤ እንጨቱ በኬሚካል ተቀቅሎ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ሊጥ) ሲሆን ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይተርፋል፣ በማሽን ሲፈጭ ግን አብዛኛው ይተርፋል። ከዓለም ወረቀት ብዙው ደግሞ ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ነው። በዛፍ ፋንታ በቶን ተናገሩ። ባለ 80 ግራም የኤ4 ወረቀት አንዱ ደስታ፣ 500 ቅጠሉ፣ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 1 ቶን 400 ደስታ ነው። የመሥሪያ ቤታችሁን ፍጆታ ከግዢ ደረሰኝ ተነሥታችሁ በዚህ ማስላት ትችላላችሁ።

«የአገራችን የደን ሽፋን አንዴ 11፣ አንዴ 15 ከመቶ ይባላል። ማንን ልመን?»

ሁለቱም የወጡት በተለያየ መለኪያ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አገራችን የደንን ትርጉም ቀየረች። አሁን ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 ከመቶ የጥላ ሽፋን ያለው ነው። ቀርከሃና ጠቅጠቅ ያለ የቆላ ቁጥቋጦማ ዛፍም ተካተተ። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ደን አንድ ዛፍ ሳይጨመርበት የአገሩ አሃዝ ከፍ ሊል የቻለው በዚህ ነው። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ግራፍ ላይ አትቀጥሉ፤ ደናችን እየሰፋ ነው የሚል ሐሰት ታወጣላችሁ።

«ወደ አገር የሚገባውን ወረቀት ከየት ላግኝ?»

ከጉምሩክ። የታሪፍ ምዕራፍ 47 ፐልፕ፣ 48 ወረቀትና ካርቶን ነው። ደብተር 48 ውስጥ ሲሆን የታተመ መጽሐፍ 49 ውስጥ ነው። ፐልፕና ወረቀትን ደምሮ «የወረቀት ፍጆታ» ማለት አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። ፍጆታ ማለት የአገር ውስጥ ምርት ሲደመር ከውጭ የገባው፣ ሲቀነስ ወደ ውጭ የተላከው ነው።

«ዓመቶቹ አልገጥም አሉኝ።»

የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። የ2015 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከጁላይ 2022 እስከ ጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. ያለውን ይይዛል፤ የፋኦ ግን በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። አሃዙ በበጀት ዓመት የተሰጣችሁ ከሆነ በወር የተከፋፈለውን ጠይቁና ራሳችሁ ደምሩ።