ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ለሆድ ድርቀት ምን ልብላ?»

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ሲሆን መምህርት ነኝ። ሽንት ቤት የምወጣው ቢበዛ በሳምንት ሁለቴ ነው፤ እሱም አምጬ። ሆዴ ይነፋል፣ ከሰዓት በኋላ ቀሚሴ ሁሉ ይጠበኛል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ የተገኘውን እበላለሁ። ጎረቤቴ ተልባ ጠጪ፣ እናቴ ፌጦ ዋጪ፣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሽሮ ተዪ ይሉኛል። አልሆን ሲለኝ ከፋርማሲ ቢሳኮዲል የሚባለውን የድርቀት መድኃኒት እገዛለሁ። ረመዳን ሲገባ ይብስብኛል። ከምናገኘው ምግብ ለሆዴ የሚስማማው የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቀን ሦስት ጊዜ ጀምሮ እስከ ሳምንት ሦስት ጊዜ መውጣት ለአዋቂ ሰው ጤናማ ነው። የእርስዎ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ማማጥም አለበት፤ ስለዚህ ሆድ ድርቀት ነው።

ወደ ምግቡ ሳልገባ ልጠይቅዎ፦ ክፍል ውስጥ ሳሉ ሲመጣብዎ ይሄዳሉ? ወይስ «ቤቴ እስክገባ» ብለው ይይዙታል? መምህራንም ሾፌሮችም ይህን ሳልጠይቃቸው አይነግሩኝም። ሰገራ ትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት የማያስገባ ከሆነ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ጊዜ ይስጡት። ቁርስ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃቃል፤ ከበሉ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳይጣደፉ ይቀመጡ።

አሁን ወደ ቁርስዎ። ዳቦ በሻይ ሆድ ይሞላል እንጂ ለአንጀት የሚተርፍ ነገር የለውም። ፉርኖ ዱቄት ሲዘጋጅ የስንዴው ገለባ ተነጥሎ ይወጣል፤ አሰሩ (ፋይበሩ) ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። አሰር ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል፣ ለጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ምግብ ይሆናል። አንዲት ሴት በቀን 25 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። ዳቦውን በቂንጬ ወይም በአጃ ገንፎ ይተኩት፤ ካልሆነም ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ይያዙ። እንጀራ ላይ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ገለባው አይለይም፣ ከነገለባው ይፈጫል። ለንጣት ሲባል ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሲወጡ የሚፈልጉት ሁሉ እዚያው አለ፦ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን። የአንድ መካከለኛ አቮካዶ ግማሹ ብቻ ስድስት ግራም ያህል አሰር አለው። በማንኪያ እየጨለፉ፣ ሎሚ ጠብ አድርገው ይብሉት። ጁስ ቤት ስኳር ተደፍቶበት የሚመጣውን ስፕሪስ ለምሽት ጨዋታ ያቆዩት፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን መድኃኒት ነው አልልም። ጎደሬው በደንብ ይብሰል፤ ጥሬነት ካለው ጉሮሮ ያሳክካል። ሙዝም የበሰለውን ይምረጡ፤ ጥሬው ሰገራ የሚያደርቅባቸው ሰዎች አሉ።

ሽሮን አይተዉ። ባልደረባዎ እውነት አላቸው፣ ጥራጥሬ ጋዝ ይፈጥራል፤ ግን አሰርና ፕሮቲን በርካሽ የሚገኘውም ከእሱ ነው። ምስር ወይም ሽምብራ ሲሠሩ አስቀድመው ይዘፍዝፉ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉ፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ ይጨምሩ። አሰር በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ቢጨምሩ መነፋቱ ይብስብዎትና በእኔ ይፈርዳሉ።

ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ልጋግ ሰገራን ያለሰልሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፣ ሳያጠሉት ይጠጡ፤ ሲጠለል አብዛኛው አሰር ማጥለያው ላይ ይቀራል። ከላዩ ሌላ ውሃ ይጨምሩ፤ አሰር ያለ ውሃ ራሱ ያደርቃል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከተልባው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁት። ፌጦን ግን፣ እናትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ አልመክርም፤ ለድርቀት የተረጋገጠ ጥቅም የለውም፣ ጨጓራ የሚያመውን ሰው ደግሞ ያቃጥላል።

እርጎ ጥሩ ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ አለበት። ወተቱ ተፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በእርሾ የረጋ ይሁን፤ ካልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊመጣ ይችላል። የእንጀራ እርሾ ባክቴሪያ ግን ምጣዱ ላይ ስለሚሞት ከእርጎ ጋር አይቆጠርም።

ቡና ከለከለኝ እንዳይሉ፣ ጅማ ተቀምጬ ቡና አልከለክልም። ብዙ ሰው ላይ ቡና አንጀትን ያነቃቃል። በባዶ ሆድ ሲጠጡት ቃር ከተነሳብዎ ብቻ ከቁርስ በኋላ ያድርጉት። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ግን ለድርቀት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ የምግብ ፍላጎትም ይቆልፋል።

ቢሳኮዲል አልፎ አልፎ ቢወስዱት ጉዳት የለውም፤ በየሳምንቱ ካስፈለገዎት ግን ሐኪም ማየት አለበት። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል። ደም ካዩ፣ ብረት ሳይወስዱ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳይፈልጉ ከከሱ፣ ወይም ሆድዎ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ብሎ ትውከት ከመጣ ተልባ እያሉ አይቆዩ፤ ሆስፒታል ይሂዱ።

ረመዳን ላይ የሚያስቸግረው ውሃ ማነሱና ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳ መብዛቱ ነው። በተምርና በውሃ ያፍጥሩ፣ ቀጥሎ የአጃ ሾርባ፤ ሳምቡሳው አንድ ሁለት ይበቃል። ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር ስድስት ሰባት ብርጭቆ ውሃ ያዳርሱ፤ ሱሁር ላይ በአንድ ጊዜ ቢግቱት አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ተልባውን ማታ ከተራዊህ ሶላት በኋላ ያድርጉት፤ ለሱሁርም ከዳቦው ይልቅ ቂንጬ በእርጎ ይሻልዎታል።