እግሩ የፈጠነ፣ ደብተሩ የዘገየ ተማሪ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፦ ሩጫ የሚችል፣ ትምህርት ግን የሚከብደው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ወይስ አይግባ? አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የስፖርት መምህር ነኝ። 11ኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ በ5 ሺህ ሜትር የሚደርስበት የለም፤ አማካይ ውጤቱ ግን ከ50 እምብዛም አያልፍም። ባልደረቦቼ «ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ተማሪ ነው እንጂ ሯጭ አይደለም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ልጅ ፈልጎ መውሰድ አለበት ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ መምህር፣ እኛም ይግባ ባይ ነን፤ ግን ውጤት ሳይሆን ጊዜ ተጨምሮለት ይግባ። ክርክሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። በ4 ዓመት የሚያልቀውን ትምህርት በ5 ወይም በ6 ዓመት ቢጨርስ የሚጎዳ የለም። 38 ያመጣበትን ፈተና 50 ብሎ መሙላት ግን ቀድሞ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ በዚያ ላይ የሚቆመው ቀጣይ ኮርስ ሲመጣ መቆሚያ ያጣል።

«ሯጭ ሰነፍ ነው» የሚለውን ወሬ ደግሞ ቁጥሩ አያግዘውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። የወደቁት ሁሉ ሯጮች አልነበሩም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሪሚዲያል፣ የመግቢያ ውጤት ያልሞላላቸው የሚወስዱት ማካካሻ ትምህርት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጥሩ መግቢያ ነበር፤ ችግሩ ብዙ ትምህርት በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚታጨቅበት በቀን ሁለት ጊዜ ለሚለማመድ ሰው አለመመቸቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኛን ከልቡ ከፈለገ ያንኑ ይዘት ሳይቀንስ በአንድ ሙሉ ዓመት ያድርስለት፤ መጨረሻ ላይ ከሌላው ጋር እኩል ይፈተን። ይህ የትምህርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሊጠየቅ የሚገባውም እሱ ነው።

እስከዚያው እርስዎ በዚህ ሳምንት የሚጀምሩት ሥራ አለ። «ትምህርት ይከብደዋል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ምኑ ነው የሚከብደው? መጀመሪያ ዓይኑ ይታይ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ በየቤቱ «አይገባውም» ሲባል ይኖራል። ቀጥሎ ከ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ይንገርዎ። ካልቻለ ያንኑ ገጽ እርስዎ በአማርኛ ያስረዱትና መልሶ ያስረዳዎ። አሁን ከቻለ የጎደለው ባዮሎጂ ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው፤ መድኃኒቱም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ንባብና 10 አዲስ ቃል እንጂ የባዮሎጂ ማጠናከሪያ አይደለም። ለሒሳብ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ክፍልፋይ፣ ጥምርታና ፐርሰንት 10 ጥያቄ ይስጡት። 6 እና ከዚያ በታች ካገኘ ከ11ኛው ክፍል መጽሐፍ ጋር መታገሉ ውሃ ወቀጣ ነው፤ ወደ 7ኛ ይመለስ፤ ክረምቱን በርትቶ ከሠራ ይደርሳል።

ሯጭ ሒሳብ የማይወድ ይመስላል እንጂ በቀን አሥር ጊዜ ያሰላል። 400 ሜትሩን በ72 ሰከንድ ከዞረ፣ 5 ሺህ ሜትር 12 ዙር ተኩል ነውና 12.5 በ72 ተባዝቶ 900 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ይመጣል። «14:30 ለመግባት እያንዳንዱን ዙር በስንት መዞር አለብህ?» ይበሉት። 870ን ለ12.5 ሲያካፍል 69.6 ያገኛል። ከ72 ወደ 69.6 በመቶኛ ስንት ቀነሰ? ጥምርታም ፐርሰንትም እዚያው ሜዳ ላይ አለቁ።

ድካሙም አይዘንጋ። በመንዝ ብርድ ማለዳ 12 ሰዓት ሮጦ፣ ሳይበላ 2 ሰዓት ክፍል የገባ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ቢያንቀላፋ ስንፍና አይደለም። ሩጫው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ብርጭቆ በሶ ወይም ዳቦ ከሻይ ጋር ይቅመስ፤ የገብስ አገር ሆኖ ይህን ማጣት አያምርም። ከባዱ ልምምድ፣ ኢንተርቫሉ (በፍጥነት ሮጦ፣ አረፍ ብሎ እንደገና መሮጥ) እና ፈጣኑ ሩጫ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይሁን። ሒሳቡን ለሰኞ፣ ለረቡዕና ለዓርብ ምሽት ያስቀምጥ፤ በከባዱ ቀን ማታ ቀላል ንባብ ብቻ። ልጁ ጿሚ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሩጫው ቀለል ማለቱ ለጾሙም ይመቻል። እንቅልፍ ከ8 ሰዓት ካነሰ ግን ሩጫውም ትምህርቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ማታ 5 ሰዓት ድረስ አጥንቶ ንጋት 11 ሰዓት የሚነሳ ሯጭ በወሩ ይጎዳል ወይም ይታመማል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ የቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቆይልኝ። ለውድድር የሄዱ ተማሪዎች ሲመለሱ «ውጤታቸውን አስተካክልላቸው» የሚል ግፊት ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያስተካክሉ። ነገሩ የት እንደሚያደርስ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል ታይቷል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 መምህር የማይገባባቸው፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ገቢ ተደርጎ ጥሩ ውጤት የሚታደልባቸው ኮርሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ምርመራ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንደወሰዷቸው፣ ግማሽ ያህሉም ስፖርተኞች እንደነበሩ አሳየ። ብዙውን ጽሑፍ ሲያርሙ የነበሩት መምህር እንኳ አልነበሩም፤ የትምህርት ክፍሉ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በኋላ በዕውቅና ሰጪው አካል ለአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገብቷል።

በሌላ በኩል፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ ሄዶ ፈተና ስላመለጠው ዜሮ መስጠትም ግፍ ነው። ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ቀኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይምጣልዎ፤ የሜክአፕ (የማካካሻ) ፈተናውን ቀን እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጻፉ። ጥያቄው ሌላ ይሁን፣ ክብደቱ ግን እኩል። ላብራቶሪ ካመለጠው ከሌላ ክፍል ጋር ገብቶ ይሥራ። ኮርሱ ሳይጠናቀቅ ሴሚስተሩ ካለቀ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ይያዝለት፤ ከሐሰተኛ «ሲ»ም ከችኩል «ኤፍ»ም ይሻላል። ደብዳቤው ከውድድሩ በኋላ ከመጣ ግን ያ ፈቃድ ሳይሆን ይቅርታ ጥየቃ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን እኖራለሁ። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ ሩጫ ትችላለች፣ ትምህርቷ መካከለኛ ነው። አንድ ሰው «አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በነፃ አስገባታለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ዕድሉ አለ፤ ሰውየው ግን ያጠራጥራል። ወኪል በስኮላርሺፕ መጠን ልክ ወይም «ካስገባኋት» ብሎ ክፍያ እንዲወስድ የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ የሚሉት፣ አይፈቅድም፤ ልጅቷንም ከመወዳደር ሊያሳግዳት ይችላል። እውነተኛ አሠልጣኝ የሚጽፈው መጨረሻው «ዶት ኢዲዩ» ከሆነ የኮሌጁ ኢሜይል ነው። ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የሚባል ወረቀትም የሚወጣው ከኮሌጁ እንጂ ከደላላ አይደለም።

ትምህርቷን በተመለከተ፣ በከፍተኛው እርከን፣ ዲቪዚዮን 1 በሚባለው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀሪው ተጨማሪ። አማካዩ ከ4.0 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ኤስኤቲ የተባለው ፈተና ለዚህ አይጠየቅም፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ኮሌጁ ራሱ ይጠይቃል። ዲቪዚዮን 3 በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ እዚያ አስገባታለሁ የሚል ካለ ይህን ይጠይቁት። ውጤቷ ካልደረሰ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ፤ እዚያ ሮጣ፣ እንግሊዝኛዋን አጠንክራ ወደ ትልቁ ትዛወራለች። ለመካከለኛ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይኸኛው ነው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የትውልድ ቀኗ በ8ኛ ክፍል ካርድ፣ በፋይዳና በፓስፖርት አንድ ይሁን፤ «ትንሽ እናሳንሰው» የተባለ ዕድሜ በኋላ ቆሞ ይመሰክራል። ሌላው ጊዜ ነው፦ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ፣ 12ኛን ጨርሳ ከአንድ ዓመት በላይ ኮሌጅ ሳትገባ በይፋ ውድድር ከሮጠች የመወዳደሪያ ዘመኗ ይቀነስባታል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የሚጽፍላትን አሠልጣኝ በምትገባበት ዓመት ያለውን ትጠይቀው። ሰዓቷን ስትልክም የት እንደሮጠችው ትጻፍ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና እዚህ የተሮጠ 5 ሺህ ሜትር ዝቅ ካለ ቦታ በግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል።

ከገባች በኋላ የሚያስጨንቀው መግባቱ ሳይሆን መቆየቱ ነው። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ትይዛለች፤ 2ኛ ዓመት ሲያልቅ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ 3ኛው ሲያልቅ 60፣ 4ኛው ሲያልቅ 80 መጨረስ አለባት። ልምምዱ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ የሰዓት ገደብ እኛም አገር ቢለመድ ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ሸኖ ነው የምኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ነኝ። ክለብ ፈልጎኛል፣ ደመወዝ አለው። ትምህርቱን ልተወው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የመረጥከውን ብንረዳም «ልተወው» የሚለውን ቃል አንወደውም። ከሰሜን ሸዋዋ ጃቶ የወጣው አበበ ቢቂላ ለሮም የበቃው በክብር ዘበኛ በኩል ነው፤ ዛሬም ሯጭ የሚቀጥሩት በብዛት የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤትና የባንክ ክለቦች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ዶርምና ካፌ፣ ክለቡ ደመወዝ ሲሰጥ ልብህ ወዴት እንደሚያደላ አያጠያይቅም። ውሉን ግን ከመፈረምህ በፊት አንብበው፦ ስንት ዓመት ነው? የቁርጭምጭሚት ጅማትህ ቢጎዳ ደመወዙ ስንት ወር ይቀጥላል? ሕክምናውን ማን ይከፍላል? መልሱ በጽሑፍ ከሌለ የለም ማለት ነው።

ከሄድክም በሬጅስትራር በኩል ሂድ። ብዙ ሯጭ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካምፕ ገብቶ ዝም ይላል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ በያዛቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ተመዝግቦ ይጠብቀዋል፤ ለመመረቅ ደግሞ አማካዩ 2.00 መድረስ አለበት። የዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልተህ፣ የትምህርት ክፍልህንና የዶርም፣ የካፌና የቤተ መጻሕፍት ክሊራንስ አስፈርመህ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ቤት አስቀምጥ። ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚጠየቅበት ቀንና ቦታህ የሚጠበቅልህ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያልና ፎርሙን በምትመልስበት ዕለት ጠይቀህ ከቅጂው ጀርባ ጻፈው።