«ሽሽ፣ ዝም በል፣ ዕረፍ»፦ ስለ አባ አርሳንዮስ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

አባ አርሳንዮስ የሮም ሰው ነው። ትውፊቱ እንደሚነግረን የሮም ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጆች የአርቃዴዎስና የአኖሬዎስ መምህር ነበር። ቤተ መንግሥት ሳለ «እንዴት ልዳን?» ብሎ ጸለየ። «ከሰው ሽሽ፣ ትድናለህ» የሚል ድምፅ መጣለት። ግብፅ በረሃ፣ አስቄጥስ ገብቶ ያንኑ ሲደግም «አርሳንዮስ፣ ሽሽ፣ ዝም በል፣ ዕረፍ» ተባለ። ጥያቄዎቻችሁ በዚህ ቃል ዙሪያ ስለሆኑ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የቤት ኪራይም አለብኝ። ወዴት ነው የምሸሸው?

የትም አይሂዱ! ቃሉ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እኮ ሰውየው በረሃ ገብቷል። ሹመቱንም ሀብቱንም ጥሎ ወጥቷል። እንደገና «ሽሽ» ተባለ። ስለዚህ ቦታ መቀየር ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ሰው ገዳም ገብቶም «ምን ይሉኝ ይሆን» የምትለዋን ነገር ይዟት ሊገባ ይችላል። እኔ ቃሉን የምረዳው እንደዚህ ነው። ልጆችን ጥሎ መሄድ ግን ምናኔ አይባልም፤ ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ እውላለሁ፤ ድካሜ ግን አይለቀኝም። ይህ ዕረፍት አይደለም ወይ?

እሱ የሚለው ዕረፍት ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ለታጋይ መነኩሴ የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ይበቃዋል ይል ነበር። (እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ጠዋት ሥራ አለ።) ቅዳሜ ማታ ለምትጠልቀው ፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ለጸሎት ዘርግቶ ይቆማል። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ፊቱን እስክትመታው ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትራስ ላይ ተኝቶ ተገኘ የሚባለውስ?

ይቺን ታሪክ በጣም ነው የምወዳት። አርሳንዮስ ታሞ ነበር። የአስቄጥስ ቄስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ምንጣፍ ላይ አስተኛውና ትንሽ ትራስ አደረገለት። ሊጠይቀው የመጣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ይህን አይቶ ደነገጠ፤ «አባ አርሳንዮስ ይህ ነው? እዚህ ላይ ነው የሚተኛው?» አለ።

ቄሱ ለብቻው ወሰደውና ጠየቀው። በመንደርህ ሥራህ ምን ነበር? እረኛ ነበርኩ። ኑሮህስ? በብዙ ድካም። አሁንስ በበአትህ፣ በመነኩሴ ማደሪያህ፣ እንዴት ነህ? ከዚያ ይሻለኛል። ያኔ ቄሱ ነገረው፦ ይህ ሰው በዓለም ሳለ የነገሥታት አባት ነበር፤ ወርቅ የታጠቁ አገልጋዮች በሺህ ይቆሙለት ነበር። አንተ በእረኝነትህ ያላገኘኸውን ምቾት እዚህ አገኘህ፤ እሱ የነበረውን ጥሎ መጣ። አሁን የተመቸህ አንተ ነህ፤ እሱ ተቸግሯል። አረጋዊው ይህን ሲሰማ ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

ትራሱን ያየ ሰው የተተወውን አላየም። እኛም በጾም ወቅት የሌላውን ሰው ሳህን ስንቆጥር ያው እንደ አረጋዊው ነን።

ጥያቄ፦ ዝም ማለቱ እንግዳን መናቅ አይሆንም?

በዘመኑም ያስቀየማቸው ነበሩ። አንድ መነኩሴ ከሩቅ መጥቶ ቢጎበኘው አርሳንዮስ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እንግዳው ቀጥሎ ወደ አባ ሙሴ ሄደ። ሙሴ ጸሊም፣ ቀድሞ ሽፍታ የነበረው፣ ኢትዮጵያዊ የሚባለው የእኛው ሰው፣ በደስታ ተቀበለው። ይህ ነገር ግራ የገባው አንድ አባት ጸለየ። በወንዝ ላይ ሁለት ጀልባ አየ። በአንዱ አርሳንዮስ ከእግዚአብሔር መንፈስ ጋር በጸጥታ ይቀዝፋል። በሌላው ሙሴ ከመላእክት ጋር ነው፤ የማር እንጎቻ ያጎርሱታል። ማን ይበልጣል አልተባለም። ስለዚህ ቤታችሁ እንግዳ የማይጠፋ ከሆነ የሙሴ ጀልባ አለላችሁ።

ጥያቄ፦ ልብን ከዓለም መንቀል ማለት ምንም አለመሰማት ነው?

አይደለም። በ410 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎቶች የሚባሉ ወራሪዎች ሮምን ዘረፉ። አስቄጥስም በወራሪ ፈረሰች። አርሳንዮስ ከዚያ ሲወጣ እያለቀሰ «ዓለም ሮምን አጣች፤ መነኮሳትም አስቄጥስን አጡ» አለ። እዚህ ላይ ስሜቱን አልደበቀም።

በሌላ ቀን ግን አንድ ሹም ኑዛዜ ይዞለት መጣ። የሞተ ዘመዱ፣ የምክር ቤት አባል የነበረ፣ ትልቅ ውርስ ትቶለታል። አርሳንዮስ ወረቀቱን ሊቀደው ሲል ሹሙ «አንገቴን ያስቆርጠኛል» ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ። እሱም «እኔ እኮ ከሱ በፊት ነው የሞትኩት» ብሎ መለሰለት። አንድ ሳንቲም አልወሰደም። ለገንዘቡ የሞተው ሰው ለወንድሞቹ መበተን አልቅሷል። ሁለቱን አብራችሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ከሜዲቴሽን ጋር አንድ ነው?

ጸጥታው ይመሳሰል ይሆናል። እሱ ግን ዝም የሚለው ሊጸልይ ነው፤ የሚያናግረው አለው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስንጣላ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል። ስጠይቀው «አባ አርሳንዮስን እያነበብኩ ነው» አለኝ።

አይ እህቴ፣ ይሄማ ኩርፊያ ነው። አርሳንዮስ በመናገሬ ብዙ ጊዜ ተጸጽቻለሁ፣ በዝምታዬ ግን አንዴም አልተጸጸትኩም ይል ነበር፤ እውነት ነው። ዝም ያለው ግን ሰው ለመቅጣት አልነበረም። ቡና አፍልተሽ ምን እንዳስከፋው ጠይቂው፤ መጽሐፉን ከዚያ በኋላ አብራችሁ ታነቡታላችሁ።