ሟርተኛ፣ ነጭናጫ ወይስ ጨለምተኛ?

ሁልጊዜ የነገሩን ክፉ ጎን ብቻ የሚያይ ሰው በዕለት ተዕለት ንግግር ምን እንደሚባል ለጠየቁት፣ የእኔ ምርጫ «ሟርተኛ» ነው። ቃሉ «ሟርት» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ገና ያልሆነውን ነገር ክፉ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገርን ሰው ያመለክታል፤ ክፉ ቃል ክፉ ነገር ይጠራል የሚል እምነት ስላለም፣ «ኧረ አታሟርት!» የሚለው ተግሣጽ በቀልድ ቢነገር እንኳ እውነተኛ ስጋት አያጣውም። «ነጭናጫ» ግን ስለ ነገ አይተነብይም፤ ዛሬ በቀረበለት ነገር ሁሉ፣ በወጡ ጨው ሳይቀር፣ የሚማረር ነው (ለሕፃንም ይነገራል)። ያንኑ ምሬት በሌላው ሰው ላይ እየደጋገመ የሚያሰለች ከሆነ «ነዝናዛ» ይባላል። «ጨለምተኛ» ለፍቺው የቀረበ ቢሆንም የጋዜጣ ቃል ስለሆነ፣ ለቡና ጨዋታ ትንሽ ይከብዳል።