መጀመሪያ ጀልባውን ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ሐይቅ መሀል ባለ ደሴት ጤና ኬላ ተመድቤያለሁ፤ አንድ ድርጅት ታብሌትና ከሐኪም ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ ዕቃ ሊሰጠን ነው፤ ይጠቅማል ወይስ ለፎቶ ነው?» ብለሻል። እኔ ነርስ ነኝ። ከጣና ደሴቶች በአንዱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። የቷ እንደሆነች ልተወው፤ ትንሽ ቦታ ስለሆነ ሁሉም ይተዋወቃል። ባጭሩ ታብሌቱ ይጠቅምሻል፣ ቪዲዮው ግን እንጃ።

ጣናን የማያውቅ ሰው ስለ ርቀት ሲያወራ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። እኛ የምንቆጥረው ነፋስ ነበር። ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ታንኳ አይታሰብም፤ ሞተር ጀልባ ያለውም ሰማዩን አይቶ ነው የሚመልስልሽ። ከቀትር በኋላ ምጥ የጠናባት እናት እስከ ንጋት በእጅሽ ናት ማለት ነው። ደም ከፈሰሳት ደግሞ ንጋት ሩቅ ነው።

ለእኛም የቪዲዮ ዕቃ መጥቶልን ነበር። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ሐኪሙን ያገኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለቱም አፉ ተከፍቶ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ መውጣት ነበረብን፣ በሽተኛ ተሸክመሽ ደግሞ ጉብታ አትወጪም። ዕቃው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ዶሮ ሊታቀፍበት ምንም አልቀረው።

የጠቀመን ማንም ያላጨበጨበለት ነገር ነው። ኢ-ቺስ የሚባለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መተግበሪያ ታውቂዋለሽ። ትልቁ ነገሩ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ነው። ቤት ለቤት ስትዞሪ ትመዘግቢያለሽ፣ ኔትወርክ ስታገኚ ይልከዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ኢንተርኔት ሲጠፋም እዚያው ታብሌቱ ላይ መሥራት ይቻል ነበር። እኛ ሰኞ ሰኞ እንከፍትና በሚቀጥሉት ሦስትና አራት ሳምንታት የሚወልዱትን እንለያለን። ከዚያ በእግራችን ሄደን ባልና አማት ማሳመን ነው፤ እናትየዋ ምጥ ሳይመጣ፣ በጠዋት፣ ውሃው ጸጥ ባለበት ተሻግራ ጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ እንድትገባ።

አንዷ አትረሳኝም። አራተኛ ልጇ ነው። አማቷ «እኔ ሰባቱንም የወለድኩት እዚህች መደብ ላይ ነው» ብለው እንቢ አሉ። አራት ጊዜ ተመላለስን። የእሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፦ ልጆቹን ማን ያበላል? ጎረቤቷ «እኔ አለሁ» ስትላት ሄደች። ከወለደች በኋላ ደም ፈሰሳት። መድኃኒቱም አዋላጇም አጠገቧ ስለነበሩ ልጇን ታቅፋ ተመለሰች። ታብሌቱ ቀኑን ነገረን እንጂ ያሻገረቻት ጎረቤቷ ናት።

ሁለተኛው የጠቀመን የክትባትና የመድኃኒት ፍሪጅ መቆጣጠሪያ ነው። ሲም ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው ወሰን ሲወጣ በአጭር መልእክት ትነግርሻለች። ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን በሙቀት ይበላሻል። እንደ ፔንታቫለንት ያለ ክትባት ደግሞ በረዶ ከሠራ አለቀለት፣ ብልቃጡን ዝም ብለሽ ብታዪው አያስታውቅም። ድርጅቱ ምርጫ ከሰጠሽ ከቪዲዮው ይልቅ ይህችን ጠይቂ።

ሐኪም ማማከሩ አይቅር፤ በተራ ስልክ ደውይ። የቁስል ፎቶ የምትልኪ ከሆነ ፊትና ስም አይኑርበት፣ ወደ ግሩፕም አትልኪው። እኛ ጋ ይህ ተዘንግቶ አንድ ሰው ተሸማቋል።

አስተያየት መስጫው ላይ ድሮን ያነሳችሁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቫኑዋቱ በምትባለው የፓስፊክ ደሴቶች አገር፣ ኤሮማንጎ ደሴት ላይ ክትባት በድሮን አድርሰዋል፣ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ድሮን ሲባል ሰው ክትባት ትዝ አይለውም። ይለፈን።

ድርጅቱን ግን ጨክነሽ ጠይቂ። ታብሌቱን በምን ቻርጅ ታደርጊዋለሽ? ሶላሩ ሲበላሽ ማን ይመጣል? የካርድ ወጪው ከማን ኪስ ነው? ወረቀቱስ ይቀራል ወይስ ሁለቴ ልትጽፊ ነው? እኛ ሁለቴ እየጻፍን ነበር፣ ማታ በኩራዝ ሳይቀር። ከሁሉ በላይ የጀልባ ነዳጅ በጀቱ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ የአንዱን ታብሌት ዋጋ ለነዳጅ እንዲያደርጉት ለምኚ።

የባለ ጀልባዎቹን ቁጥር ደግሞ ታብሌቱ ላይ ብቻ እንዳታስቀምጪው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፊው፤ ሌሊት የሚነሳው፣ የማይነሳው እያልሽ።