ለመቅደም ለምትቸኩሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታችሁ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መንዳት እንዳማራችሁ አውቃለሁ። እኔ ብዙ ዘመኔን መሪ ይዤ፣ በኋላም ሾፌር እያሰለጠንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ እናንተ ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ መቅደም ነው።

እስቲ ወረቀት አምጡና አብረን እናስላው። ከፊታችሁ ተሳቢ ያለው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እናንተ በ80 ልትቀድሙት ነው። የምትበልጡት በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከኋላው ወጥታችሁ፣ ርዝመቱን ጨርሳችሁ፣ ርቀት ጠብቃችሁ ከፊቱ እስክትገቡ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እናንተ 240 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ ሌላ 240 ይጨምራል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ጥርት ብሎ የሚታይ ባዶ መንገድ ያስፈልጋችኋል። ጊቤ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ ይህ ከየት ይገኛል?

ዳገት ላይ ደግሞ ሂሳቡ ይብሳል። አገራችን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ቡና ከጫናችሁማ ነዳጅ ብትረግጡም መኪናው ቶሎ አይነሳም። ማርሽ መቀነስ ያለባችሁም ከመውጣታችሁ በፊት እንጂ ጎን ለጎን ከሆናችሁ በኋላ አይደለም።

ከጭነት መኪና ጀርባ አትለጠፉ። ብዙ ወጣት ለመቅደም ሲፈልግ ይጠጋል፤ ሲጠጋ የሚያየው የጭነቱን ሸራ ብቻ ነው። ከዚያ ለማየት ብሎ አፍንጫውን ወደ ግራ ያወጣል። ወደኋላ ቀረት በሉ፤ መንገዱ ይከፈትላችኋል። ሾፌሩም በስፖኪዮ ያያችኋል።

አንዳንዱ ሾፌር ቀኝ ፍሬቻ ያሳያችኋል፣ እለፉ ማለቱ ነው። ቸርነቱን አመስግኑ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ይሁን። እሱ የሚያየው ለራሱ ነው፤ የእናንተ መኪና ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አያውቅም። ግራ ፍሬቻ ካሳየ ደግሞ "አትለፉ" ብሎ ይሁን ሊታጠፍ ፈልጎ መለየት አይቻልም። ግራ ካሳየ የፈለገውን ማለቱ ይሁን ከኋላው ቆዩ።

ሰርቦንና አሰንዳቦን የመሰሉ ከተሞች ስትደርሱ ከፊታችሁ ያለው ድንገት ቀዝቀዝ ካለ ክፍተት አገኘሁ አትበሉ። ከፊቱ ከብት፣ ባጃጅ ወይም መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ሊኖር ይችላል። እሱ ያየውን እናንተ አላያችሁም።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ተከትሎ መውጣት ነው። አንዱ ሲቀድም ሌላው "መንገዱ ነፃ ነው" ብሎ ከኋላው ይወጣል። የመጀመሪያው ቦታ አግኝቶ ይገባል፤ ሁለተኛው ባዶ ቦታ ሳይኖር ከሚመጣው ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። የራሳችሁን መንገድ በራሳችሁ ዓይን እዩ። ያልተቆራረጠ መስመር ካለ ጨርሶ አትውጡ። ቀለሙ በለቀቀበትም ኩርባውና የኮረብታው ጫፍ ያው መስመሩን ይነግሯችኋል። በክረምት ዝናብና በጠዋት ጉም ቢቀር ይሻላል።

ከወጣችሁ በኋላ ካጠራጠራችሁ አትከራከሩ፤ ነዳጁን ልቀቁና ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። ይህ የሚሆነው ከኋላ ያለው ቦታችሁን ካልዘጋው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊቀድም ሲወጣ ቦታውን አትሙሉበት።

"ዘገየሁ" ትሉኝ ይሆናል። አምስት ኪሎ ሜትር በ80 ፈንታ በ60 ብትከተሉ የምታጡት 75 ሰከንድ ነው። እናት ምሳ አቅርባ ብትጠብቃችሁ እንኳ ወጡ አይቀዘቅዝም።

እናንተን የሚቀድም ሲመጣም እልህ አትያዙ። ቀኛችሁን ያዙ፣ ፍጥነት አትጨምሩ፣ ካስፈለገም ትንሽ ቀንሱለት። ያ ሰው ስሌቱን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ገብቶ እንዲተርፍ የምትረዱት እናንተ ናችሁ።